ዝገቱ ሲፋቅ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፎርድ ለአሜሪካ ጦር ሠርቶ ያቀረባቸው ጂፖች ላይ፣ ከትልልቆቹ ክፍሎች አልፎ ብሎኖቹ ጭንቅላት ላይ ሳይቀር «ኤፍ» የምትል ፊደል ነበረች። ያንኑ ጂፕ ዊሊስ የተባለው ኩባንያም ይሠራ ነበር፤ ሁለቱ ተደምረው ከ600,000 በላይ አምርተዋል። ዛሬ፣ ሰማንያ ምናምን ዓመት አልፎ፣ እነዚህን ጂፖች የማደስ ፍቅር ያደረባቸው ሰዎች ያቺን ፊደል ፍለጋ ወራት ያጠፋሉ። ከሌላ መኪና የመጣ ብሎን ከተገኘ ይፈታል፤ ትክክለኛው እስኪገኝም ይፈለጋል። ሻንሲው ከፊት በኩል ያለው አግዳሚ ክብ ቱቦ ከሆነ ዊሊስ ነው፤ የተገለበጠ የ«ዩ» ቅርጽ ካለው ፎርድ ነው። ይህን ያምታታ ሰው በመካከላቸው ከተገኘ ከንፈር ይመጠጥለታል።

ይህን ሁሉ የማውቀው ጂፕ ኖሮኝ አይደለም። ሙያዬ ሶፍትዌር ነው። የተመረቅኩት በኢንጂነሪንግ ቢሆንም ከምርቃት ወዲህ ከብረት ጋር ያለኝ ግንኙነት ላፕቶፔ ብቻ ሆኗል። የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ሞተር ፈትቼ ባሰጣ የነዋሪዎች ኮሚቴ በማግስቱ ስብሰባ እንደሚጠራብኝ አልጠራጠርም። ስለዚህ ማታ ማታ፣ ኮዱ አልታዘዝ ሲለኝ፣ የእድሳት ቪዲዮ አያለሁ። ዓመታት መጋዘን ውስጥ የቆመ ሞተር ይፈታል። ዝገቱ ይፋቃል፤ የተበላው ላሜራ ተቆርጦ አዲስ ይበየዳል፤ ካርቡራተሩ ይታጠባል፤ የ6 ቮልቱ ባትሪ ይገባል። ከዚያ ሞተሪኖው ያጉረመርማል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ... ትነሳለች። ጉልበቷ 60 ፈረስ ብቻ ነው፤ ግን ስትነሳ አልጋዬ ላይ ጋደም ባልኩበት ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።

ይሄ ፈገግታ ነው ጥያቄ የሆነብኝ። ጂፕ ስለሆነች ነገሩ ቀላል ይመስላል። ከጂፕ ቀጥሎ የሚመጣው ቪዲዮ ግን የታንክ ነው፤ ከአሜሪካ ታንክ ቀጥሎ ደግሞ የናዚ ጀርመን ታንክ ይመጣል። ሞተሩ ሲነሳ ያው ፈገግታ ነው፤ ፊቴ ልዩነቱን አያውቅም። እንግዲያው ሰው ለመግደል ታስቦ የተሠራን ዕቃ በዚህ ሁሉ ፍቅር መጠገን ምን ማለት ነው? እንደ ቴምብር መሰብሰብ ያለ ንጹሕ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው? ወይስ ሳናስተውል የምናጥበው ነገር አለ?

ሁለት የተዘጋጁ መልሶች አሉ። አንደኛው «ብረት ብረት ነው፤ የገደለው ሰው ነው» ይላል። ሁለተኛው «ጦርነት ናፋቂዎች ናቸው፤ ዝጎ ይለቅ» ይላል። ሁለቱም ሰውን ከማሰብ ያሳርፋሉ። እኔን የሚያጠራጥረኝም ይኸው ነው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ታንክ ማረሻ ሊሆን አስቦ ሳይሳካለት የቀረ ብረት አይደለም። የግንባሩ ውፍረት፣ የብረቱ ማጋደል፣ የአፈሙዙ ስፋት፣ ሁሉም ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው፦ ሳልሞት እንዴት ልግደል? ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ንድፍ ማለት ተጠንቶ የተወሰነ ውሳኔ መሆኑን ያውቃል። የአንድን ማሽን ብልሃት አፌን ከፍቼ እያደነቅኩ፣ ብልሃቱ ለምን እንደተፈለገ ሲነሳ ብቻ «እኔ እኮ ብረቱን ነው የምወደው» ብል ራሴን ማታለል ነው።

ሁለተኛውም ቢሆን ብዙ አያስኬድም። ዝገት ትዝታ ይመስለናል እንጂ አይደለም። አስመራ ዳርቻ የታንክ መቃብር የሚባል ቦታ አለ፤ ከጦርነቱ የተረፈ ታንክና የጭነት መኪና እርስ በርሱ ተደራርቦ ቁልቋል በቅሎበታል። ፎቶው ያስደነግጣል። ግን ከዚያ ክምር ውስጥ አንዱን ነጥላችሁ «ይሄ የት ነበር? ማን ነዳው? ማንን መታ?» ብትሉ ክምሩ አይመልስም። ዝገት ሁሉንም ብረት አንድ ቀለም ይቀባል፤ ገዳዩንም፣ አምቡላንሱንም፣ ዳቦ ጫኙንም። ዝም ብሎ እንዲበሰብስ መተው ሐዘን መስሎ የሚታይ ቸልታ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ጥገና ራሱን የቻለ ክብር አለው፤ ይህን የምለው ከሥራዬ ነው። የሶፍትዌር ባለሙያ ብዙውን ዕድሜውን የሚፈጀው አዲስ ነገር በመፍጠር አይደለም፤ ድሮ ሌላ ሰው ጽፎት የሄደውን ኮድ በመረዳት ነው። ለምን እንዲህ እንደተጻፈ ሳታውቅ ከነካኸው ይፈርስብሃል። ስለዚህ ትሕትና ትማራለህ፤ ከአንተ በፊት የነበረውን ሰው «ምን አስበህ ነው?» ብለህ መጠየቅን ትማራለህ። አሮጌ ጂፕ የሚያድስ ሰውም እንደዚያው ነው። የማያውቃቸውን ሠራተኞች እጅ ይከተላል። በዚህ በኩል ሥራው ፍቅር ብቻ ሳይሆን ጥሩ ዓይነት እውቀትም ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ግን እዚሁ ነው። ማደስ ማለት መመለስ ነው፤ መመለስ ደግሞ ወደ አንድ ቀን ነው። እኛ ሮልባክ እንለዋለን፤ ሲስተሙ ሲበላሽ ደህና ወደነበረበት ቀን ትመልሰዋለህ። ሮልባክ ስታደርግ ከዚያ ቀን በኋላ የሆነው ነገር በሙሉ ከፊትህ ይጠፋል። የጂፕ አዳሾች አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት ቀን ይታወቃል፤ ከፋብሪካ የወጣችበት ቀን ነው። ቀለሟ ትኩስ፣ ነጩ ኮከብ ደማቅ፣ ወንበሩ ያልተቀደደ። ማንንም ገና ያልጫነች፣ ማንም ገና ያልሞተባት። በሌላ አነጋገር፣ ከታሪኳ ሁሉ ምንም ያልሠራችበትን ቀን መርጠን «ይኸው ታሪክ» እንላለን። በየዓመቱ ሰኔ መባቻ ላይ ኖርማንዲ የባሕር ዳርቻ የእ.ኤ.አ. 1944ቱ ማረፍ ሲታሰብ በብዙ ጂፖችና የጭነት መኪናዎች ይሞላል፤ አብዛኞቹ ያን ጊዜ ከነበሩት ይበልጥ ያምራሉ።

አንዳንዴ ደግሞ ያለፈው ታሪክ ሮልባኩን አልፎ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 እንግሊዝ አገር አንድ አዳሽ ከኢንተርኔት ገበያ የገዛው ታንክ ወሬ ሆኖ ነበር። ታንኩ የኢራቅ ጦር ንብረት የነበረ ነው። የናፍጣ ማጠራቀሚያው ውስጥ የተደበቀ ነገር ሲያዩ ጥይት ይሆናል ብለው ፈሩ፤ ለማስረጃ ካሜራ ደቅነው ቢያወጡት አምስት ጡብ ወርቅ ሆኖ ተገኘ። ኢራቅ እ.ኤ.አ. በ1990 ኩዌትን በወረረች ጊዜ የተዘረፈ ሳይሆን አይቀርም ተባለ፤ ፖሊስም ወስዶ አስቀመጠው። ዜናው እንደ ሎተሪ ነበር የተወራው። እኔ ግን አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ሌላ ነው፦ ወርቁ የአንድ ሰው ነበር። ቤቱ የተሰበረበት፣ ወይም ባንኩ የተዘረፈበት ሰው። ያ ሰው በታንኩ ታሪክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ንብረቱ ዋጋ ስላለው ብቻ ነው። ወርቅ ያልነበራቸውን ሰዎች የናፍጣ ጋን ውስጥ ማንም አያገኛቸውም።

ይህንን ጥያቄ ከኔ በተሻለ የጠየቁት አጎቴ ናቸው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እስከ 1983 ዓ.ም. ሰሜን ግንባር ታንከኛ ነበሩ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አያወሩም። አንድ የበዓል ቀን ከምሳ በኋላ አውሮፓ ውስጥ የታደሰ ቲ-55 ታንክ ሲነሳ በስልኬ አሳየኋቸው። ስልኩን ነጠቁኝ ማለት ይቻላል።

«በአየር ነው ያስነሳው፤ ባትሪው ደክሞበታል» አሉ። እውነትም ቲ-55 በታመቀ አየር መነሳት ይችላል። «እየው፣ በሁለተኛ ማርሽ ነው የወጣው። ጎበዝ ነው። አንደኛን ለክፉ ቀን ነው የምትተዋት።» ሃያ ደቂቃ ያህል የማላውቃቸው ሰው ሆኑ። ግራና ቀኝ እጃቸው የማይታይ ዘንግ ይስባል፤ ድምፁን ሰምተው ሞተሩ የቱ ጋ እንደሚያስቸግረው ይነግሩኛል። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ቪዲዮው ሲያልቅ ግን ስልኩን እንደያዙ፣

«አራት ሰው ነው የሚይዘው» አሉ። «የዚህኛው አራቱ የት ደረሱ?»

ከቪዲዮው ሥር ያለውን መግለጫ አነበብኩላቸው። የሞተሩ ቁጥር አለ። የተመረተበት ዓመት አለ። የቀለሙ ዓይነት፣ የሰንሰለቱ አሠራር፣ የወጣበት ገንዘብ አለ። ሰው የለም።

«እንዲያ ነው» ብለው ስልኩን መለሱልኝ፤ ቡናው እስኪቀርብ ድረስም ዝም አሉ።

አጎቴ «ታንክ አትውደድ» አላሉኝም፤ እሳቸው ራሳቸው ይወዱታል። ያልጠፋባቸው ነገር፣ ፍቅሩና ጥያቄው በአንድ ቁጭታ ውስጥ አብረው መቀመጥ መቻላቸው ነው። እኔ ሞተሩ ተነስቶ አበቃ ብዬ ነበር። ለእሳቸው ሞተሩ ሲነሳ ገና አራት ሰው መቆጠር ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ ጥሩ የሆነውን እድሳት ከመጥፎው የምለይበት ነገር ስፈልግ ከርሜ፣ ደጋግሜ የምመለሰው አንድ ታንክ ላይ ነው። ታይገር 131 ይባላል፤ ጀርመን ሠራሽ ነው፤ ክብደቱ ከ50 ቶን ያልፋል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1943 እንግሊዞች ቱኒዚያ ውስጥ ማረኩት። የተተኮሰበት ጥይት መድፉ የተተከለበትን ማማ እንዳይዞር ስላደረገው አምስቱ ሠራተኞች ጥለውት ሸሽተው ነበር። ቸርችል ቱኒስ ላይ በአካል አይቶታል። ዛሬ ደቡብ እንግሊዝ፣ ቦቪንግተን በሚገኘው የታንክ ሙዚየም ነው ያለው። ብዙ ዓመት በፈጀ እድሳት በራሱ ሞተር እንዲንቀሳቀስ ተደርጓል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው «ፊውሪ» ፊልም ላይም ታይቷል። ሞተሩን የነፍስ ያህል የተጨነቁለት እነዚያ ባለሙያዎች ግን ጥይቱ የመታበትን ጠባሳ አልደፈኑትም። እስከ ዛሬ ይታያል። በስቱኮና በብየዳ ሁለት ቀን የማይፈጅ ሥራ ነበር፤ ሆን ብለው ተዉት።

መጀመሪያ ይሄ መልሱ መሰለኝ፦ ጠባሳውን ተው፣ በቃ። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። ታንክ ላይ የሚታየው ጠባሳ ታንኩ ራሱ የተመታው ነው። እሱ የመታው አይታይበትም። ያ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ በሰው እግር ላይ፣ በቤት ግድግዳ ላይ፣ በመቃብር ላይ። ማንኛውም መሣሪያ የሚሸከመው የደረሰበትን እንጂ ያደረሰውን አይደለም። ስለዚህ የቱንም ያህል በታማኝነት ብትጠብቀው፣ ብረቱ ብቻውን ከተናገረ የሚናገረው የራሱን ቁስል ነው። ራሱን እንደ ተጎጂ ያቀርባል። አዳሹ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ዕቃው በተፈጥሮው ግማሽ ምስክር ስለሆነ ነው። ሌላውን ግማሽ ሰው ፈልጎ፣ ጠይቆ፣ ጽፎ ካላመጣው በቀር የለም።

ሕግ ይህን አይጠይቅም፤ ሊጠይቅም አይችልም። ጀርመን ውስጥ ኪል ከተማ አቅራቢያ አንድ አዛውንት ፓንተር የሚባለውን የናዚ ዘመን ታንክ ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ አስቀምጠው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ተደርሶበት የጀርመን ጦር ጎትቶ ለማውጣት ወደ 20 ወታደሮችና ወደ 9 ሰዓት አስፈልጎታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ፍርድ ቤት በገደብ የታሰረ የእስር ቅጣትና 250,000 ዩሮ ፈረደባቸው። ክርክሩ ዋናው «ዕቃው አሁንም የጦር መሣሪያ ነው ወይ?» የሚል ነበር። ለሕግ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሕግ የሚፈራው ነገ የሚሆነውን ነው። አፈሙዙ ከተደፈነ ለነገ አያሰጋም። ትናንት ግን በብየዳ አይደፈንም። ምድር ቤት ውስጥ ለብቻ የሚወደድ ታንክ እኔን የሚያሳስበኝ ይተኩሳል ብዬ አይደለም፤ ማንም መጥቶ «የዚህኛው አራቱ የት ደረሱ?» ሊል በማይችልበት ቦታ ስለተቀመጠ ነው።

ሌላ ዓይነት እድሳትም አለ፤ እኛ በደንብ የምናውቀው። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖች ፊሊፒንስ ላይ ጥለዋቸው የሄዱትን ጂፖች የአገሩ ሰዎች ወገባቸውን አስረዝመው፣ ጣሪያ ሠርተው፣ በቀለም አሸብርቀው ታክሲ አደረጓቸው፤ ጂፕኒ የሚባለው የአገሪቱ መለያ የሆነው መጓጓዣ የተወለደው እንዲያ ነው። እዚህ ሰሜን የአገራችን ክፍል የመድፍ ቀለህ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቤተ ክርስቲያን ወይም የትምህርት ቤት ደወል ሲሆን ታይቷል። ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው ደግሞ ማንኛውም ብረት ሁለተኛ ዕድሜ እንደሚያገኝ በዓይኑ ያያል። ይህን ሳይ ልቤ ይሞቃል፤ ዕቃው ንስሐ የገባ ይመስላል። ግን እዚህም ጥንቃቄ አለ። ደወል የሆነው ቀለህ ሲመታ የሚጠራው ለጸሎት ነው፤ የመጀመሪያውን ድምፁን ግን የሚያስታውስ ሰው ከመንደሩ ሲያልቅ እሱም ብረት ብቻ ይሆናል። መለወጥ ከማደስ የተሻለ ደግነት ሊኖረው ይችላል፤ በማስታወስ ግን አይበልጥም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ጥያቄ የጊዜ ነው። ኖርማንዲ ላይ ሰማንያ ዓመት አልፏል፤ የያን ጊዜ ጠላቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይበላሉ። ይህ መዝናኛ የሚቻለው ጦርነታቸው በእርግጥ ላለቀላቸው ሰዎች ነው። እኛ ዘንድ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የተቃጠለ ታንክ መንገድ ዳር ቆሞ ልጆች ሲወጡበት፣ መንገደኛ ፎቶ ሲነሳበት አይተናል። ለአንዱ የድል ፎቶ ነው፤ ለሌላው ወንድሙ የተቃጠለበት ምድጃ ነው። እዚያ ላይ ቀለም ቀቢና በያጅ ይዞ መሄድ ዛሬ ነውር ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ሃምሳ ዓመት ስላልሞላው አይደለም። ልጇ ውስጡ የነበረ እናት ገና እየጠየቀች ስለሆነ ነው። መልስ የምትጠብቅ እናት እያለች ሞተሩን ማስነሳት ለሷ በሞተር ድምፅ መልስ መስጠት ነው። የጊዜው መለኪያ እንግዲህ የዓመት ቁጥር ሳይሆን ይሄ ይመስለኛል፦ ጥያቄው ተመልሷል ወይ? ካልተመለሰ አንድ መቶ ዓመትም አይበቃም። ከተመለሰ፣ ማለትም ማን ውስጡ እንደነበረና ማን ፊቱ እንደነበረ ተጠይቆ ከተጻፈ፣ አሥር ዓመትም ብዙ ሊሆን ይችላል።

አንድ ቀን እዚህ አገር፣ ወንጂም ይሁን ደብረ ዘይት፣ የኔ ቢጤ የብረት ፍቅር ያለባቸው ወጣቶች ተሰብስበው አንድ የድሮ ኦራል ወይም አንድ ቲ-55 ማደስ ቢጀምሩ አልቃወማቸውም። እንዲያውም ከቻልኩ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ ዝገት እፍቃለሁ። የምጠይቃቸው ነገር ትንሽ ነው፤ ትክክለኛ ብሎን ከመፈለግ ግን ይከብዳል። ከሰነድ ጀምረው፣ በሕይወት ያሉትን ሽማግሌዎች ቤታቸው ድረስ ሄደው፣ መኪናው ያለፈባቸውን መንደሮች ደርሰው ይጠይቁ። የፋብሪካው ሰሌዳ «በዚህ ዓመት ተሠራ» የሚልበት ቦታ አጠገብ ሁለተኛ ሰሌዳ ይለጥፉ፤ የት ሄደ፣ እነማን ነዱት፣ እነማን ላይ ደረሰ። ያልታወቀው መስመር ባዶ ይተው፤ ባዶነቱም ይታይ። ብሎን ላይ ያለችን አንዲት ፊደል ፍለጋ ወራት የሚታገስ ሰው የሰው ስም ፍለጋ መታገስ አያቅተውም።

ሞተሩ ሲነሳ ያን ጊዜም ፈገግ እላለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ሰሌዳው ግን ከሞተሩ በፊት እንዲነበብ እፈልጋለሁ፤ ጮክ ተብሎ፣ የሚሰማ ሰው ባለበት። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ያዙሩት።